ከሻርኩ አፍ ፊት ያለችው አይጥ

የእህቴን ባል በመሥሪያ ቤታችን ሁሉም የሚጠራው «ላጲስ» እያለ ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣለት ግን ጠረጴዛውን ያየ ሁሉ ያውቃል። ሠዓሊ ነው፤ ከሚሥለው ይልቅ የሚያጠፋው ይበልጣል። ጠዋት የጀመረው የበግ ጆሮ ከምሳ በኋላም ያው የበግ ጆሮ ነው፤ ከሥሩ ግን ስንት ጆሮ ተቀብሯል። ፍርፋሪውን በመዳፉ እየጠረገ ወደ እኔ ጠረጴዛ ያበርረዋል። የምንቀመጠው ፊት ለፊት ነበርና ሻይዬን ያለ ላጲስ ፍርፋሪ የጠጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መሥሪያ ቤታችን የትምህርት ቤት መጻሕፍት ያዘጋጃል። እኔ ጽሑፉን እጽፋለሁ፣ እሱ ሥዕሉን ይሥላል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ፍልስፍና ላጠና ነበር፤ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር በሁሉም ነገር ላይ ጥያቄ ማብዛት ነው። ላጲስ ደግሞ ጥያቄ አይወድም፤ የሚወደው መልሱን ማጥፋት ነው። ሁለታችንን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠን ሰው ወይ ቀልደኛ ነው ወይ ክፉ ነው። ይህ አልበቃ ብሎ ላጲስ እህቴን አገባ።

በመሥሪያ ቤቱ አንድ የማይነካ ደንብ ነበር። በአንድ ገጽ ላይ የሚወጡ ሥዕሎች ሁሉ እኩል ሳጥን ይሰጣቸዋል። ዝሆንም ሆነ ጉንዳን፣ ተራራም ሆነ ጠጠር፣ ሳጥኑ አንድ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ክፋት አልነበረውም። ጉንዳን በልኳ ብትሣል ተማሪው እግሯን ከየት ያየዋል? ስለዚህ ትልቁ ይጠባል፣ ትንሿ ትሰፋለች፣ ሁለቱም ሳጥናቸውን ሞልተው ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኛ ስለለመድነው አይታየንም ነበር። ልማድ ዓይን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ማየቱን ነው።

ከነዚህ ገጾች አንዱ «እናነጻጽር» የሚል ርእስ ነበረው። በግራ ሳጥን የቤት አይጥ፣ በቀኝ ሳጥን ነባሪ ሻርክ። ነባሪ ሻርክ ከሻርኮች፣ እንዲያውም ከዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ስሙ የመጣውም ዓሣ ነባሪን ስለሚያክል ነው። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ዛሬም አላፍርበትም። አይጥ የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ሳትከረትፍ መኖር አትችልም፤ ሻርክ ደግሞ ጥርሱ በወለቀ ቁጥር ሌላ ይተካለታል። ነባሪ ሻርክ በሺህ የሚቆጠሩ ጥርሶች ቢኖሩትም እያንዳንዱ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም፣ አያኝክበትምም። አፉን ከፍቶ ይዋኛል፤ ውኃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ሕይወት ሁሉ እያጠለለ ይውጣል። አይጧ አጥንት አላት። ያ ሁሉ ግዙፍ አካል ግን የተዋቀረው እንደ ጆሯችን ጫፍ በሚታጠፍ ለስላሳ ነገር ነው እንጂ አጥንት የሚባል የለውም። የሁለቱንም ርዝመት ጽፌያለሁ፣ አንዱን በሜትር፣ አንዷን በሳንቲሜትር። ግን ሥዕል እያለ ቁጥር ማን ያያል?

እህቴ ማንበብ የተማረችው ካገባች በኋላ ነው። በልጅነታችን እኔን ትምህርት ቤት ልከው እሷን ቤት አስቀሯት። ላጲስ የታተመውን ሁሉ ይወስድላት ነበር፤ እሷም ሥዕሉን እያየች፣ ከሥሩ ያለውን ቃል እየገጣጠመች ዓለምን ከእሱ እጅ ተማረች። ባሏን በብዙ ነገር አታምነውም። መጣሁ ሲላት ገና ከወንበሩ እንዳልተነሣ ታውቃለች፤ በላሁ ሲላት ድስቱን ታሞቃለች። እጁን ግን ታምን ነበር። «አፉን ተወው ጋሼ፣ እጁ ግን አይዋሽም» ትለኝ ነበር።

ታናሽ እህታችን የወደብ ሠራተኛ አግብታ ባሕር አጠገብ ባለ ከተማ ትኖራለች። አንድ ጊዜ እህቴ ልትጠይቃት ሄደችና ከጎረቤቶች ጋር በጀልባ አሳፈሯት። ከዳርቻው ራቅ እንዳሉ ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ «ነባሪ ሻርክ እየመጣ ነውና አትነቃነቁ» አለ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ። እህቴ ግን የተማረች ሴት ናትና ፈገግ ብላ «ምኑ ነው የሚያስፈራችሁ? እኔ አውቀዋለሁ፤ አይጥ ነው የሚያክለው» አለች።

ያን ጊዜ ጀርባው በነጠብጣብ የተሞላ ነገር ከጀልባው ሥር ብቅ አለ። ያልፋል፣ ያልፋል፣ አያልቅም። አፉ የጋራዥ በር ነው። ማንንም አልነካም፤ ውኃውን እያጠለለ መንገዱን ቀጠለ። አንድ አዛውንት ወደ እህቴ ዞረው፣ «የኔ እመቤት፣ እናንተ ሰፈር አይጡ ይህን ካከለ ድመቱ ምን ያክላል?» አሏት። ሰው ሁሉ እስከ ወደቡ ድረስ ሳቀ። ወሬው ከጀልባው ቀድሞ ገባ መሰለኝ፣ ወደ ቤቷ እስክትመለስ ድረስ የዚያ ሰፈር ልጆች ባዩዋት ቁጥር «ሚያው» ይሏት ነበር።

የተመለሰች ዕለት እዚያው ቤቷ ነበርኩ። ሻንጣዋን ሳትፈታ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ገጹን ገለጠች፣ ላጲስ ፊት ዘረጋችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አይጥ።»

«ይህስ?»

«ነባሪ ሻርክ። ምነው?»

«እኩል ናቸው?»

«ሳጥኑ ነው እኮ እኩል የሆነው።»

«ስለ ሳጥን ማን ጠየቀህ? እኩል ናቸው ወይ?»

ላጲስ ወደ እኔ አየ። ደንቡን ላስረዳት ሞከርኩ፤ ሥዕል የነገሩን ክፍሎች ለማሳየት እንጂ የነገሩን ግዝፈት ለመመስከር እንዳልሆነ፣ ማነጻጸር ማለት ሁለቱን በአንድ ክፈፍ ማስገባት እንደሆነ ጀመርኩላት።

«ጋሼ፣ አንተ ዝም በል። አንተ ሜትር ጽፈሃል፤ እኔ ደግሞ ሜትር ይዤ ጀልባ ላይ አልወጣሁም። ዓይኔን ያሞኘው እሱ ነው።» ወደ ባሏ ዞረች። «አጥንት የለውም ብላችሁ የለ? አየሁት እኮ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አጥንት የሌለህስ አንተ ነህ። ሳጥን በሰጡህ ቁጥር ዝም ብለህ የምትሞላ።»

ላጲስ እጁን ወደ መጽሐፉ ዘረጋ። እሷ ግን ገጾቹን ታገላብጥ ነበር። «ይህ ዝሆንስ? ይህች ጨረቃስ? ከዚህ ሁሉ የማውቀው የቱ ነው እውነቱ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላጲስ በገዛ ቤቱ መግቢያ አጣ። ላጲስ የሆነ ነገር ባወራ ቁጥር «በሳጥን ነው በልኩ?» ትለዋለች። ሐኪሙ የደም ግፊትህ ደህና ነው አለኝ ሲላት፣ «በሳጥን ነው በልኩ?» አውቶቡስ ጠፍቶ ነው የቆየሁት ሲላት፣ «በሳጥን ነው በልኩ?» ላጲስ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ያላስጨረሰችውን ክርክር በእኔ ላይ ይጨርሳል። ከእህቴ ተረፍኩ ስል ባሏ፣ ከባሏ ተረፍኩ ስል እህቴ። ሽማግሌ ሁን የሚለኝም አልጠፋም። በአይጥና በሻርክ ልክ የተጣሉ ባልና ሚስትን ለማስታረቅ የትኛውን ሽማግሌ ይዤ ልቀመጥ?

ነገሩ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ቀስ እያለ ገባኝ። ላጲስ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ነበረው፤ ሚስቱ እጁን ታምናለች። አሁን እሱም ሄደ። ያቺን አንዲት ገጽ ካላቃና መጽሐፍ በገለጠች ቁጥር እንደ ሐሰተኛ ምስክር ፊቷ ሊቆም ነው። ጡረታ ሊወጣ የቀረው ደግሞ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ ያው የሳይንስ መጽሐፍ አዲሱ እትም።

ወደ ክፍል ኃላፊዋ አብረን ገባን። ኃላፊዋ ከሁለታችንም የምታንስ፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ የምትፈርም፣ ትሑት ግን ችኩል ሴት ናት።

«ሁለቱን በአንድ ሳጥን፣ በልካቸው ልሥላቸው» አላት ላጲስ።

«በልካቸው ማለት?»

«ሻርኩ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። አይጧ ከአፉ ፊት ትሆናለች።»

«ትታያለች?»

«ትታያለች።»

«ምን ታክላለች?»

ላጲስ ጠቋሚ ጣቱንና አውራ ጣቱን አቀራረበ። ኃላፊዋ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ፈለገች፤ አላገኘችም። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

ምን ልበል? ስሌቱን ሠርቼዋለሁ። ያ ዓሣ አንድ ስንዝር ወርድ ባለው ገጽ ላይ ከገባ አይጧ የሰናፍጭ ፍሬ አትሞላም። ግን እህቴ ዓይኔ ላይ አለች። «ትታያለች» አልኩ። እንግዲህ አንድ ፍልስፍና የተማረ ሰው ስለ አይጥ ሲመሰክር ይህን ይመስላል።

«በኃላፊነታችሁ» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ላጲስ ሻርኩን እንደ ልማዱ እየሣለ እያጠፋ ጨረሰው። ነጠብጣቦቹን በሰልፍ ደረደረ፣ አፉን ከፈተ። የአይጧ ተራ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ሆነ። በጣም ቀጭን ብዕር አመጣ፣ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፣ አጉሊ መነጽሩን በመጻሕፍት ቁልል ላይ አቆመ፣ ትንፋሹን ያዘ። ሲጨርስ ና እይ አለኝ። ወረቀቱን አየሁ፤ ነጥብ ናት። በመነጽሩ አየሁ፤ አይጥ ናት። ጢም፣ ጅራት፣ ከፊት የወጡ ሁለት ጥርሶች፣ የታጠፉ እግሮች፣ ሁሉም አላት።

«ያለ መነጽር ማን ያያታል?» አልኩት።

«አለች አይደል?»

«አለች። ግን ማን ያያታል?»

«ጋሼ፣ እኔ የማይታይ ነገር አልሣልኩም። ትንሽ ነገር ነው የሣልኩት።»

ሰው ዕድሜውን ሙሉ ትንሹን ሲያገዝፍ ኖሮ አንዴ በልኩ ላሳይ ሲል የሚያይለት ዓይን ያጣል። ከሥዕሉ ሥር «ከሻርኩ አፍ ፊት ያለችውን አይጥ ተመልከቱ» ብዬ ጻፍኩ።

የማተሚያ ቤቱ የሙከራ ቅጂ መጣ። ላጲስ በመነጽር ፈትሾ አይጧን አገኛትና ፈረመ። ቤት ገብቶም ለእህቴ «መጽሐፉ ሲመጣ ታያለሽ፣ ከእንግዲህ ሳጥን የለም» አላት። እሷም «እናያለን» አለች፤ በእህቴ አፍ «እናያለን» ማለት ትልቅ ተስፋ ነው።

የታተሙት መጻሕፍት በካርቶን ሆነው ቢሯችን ሲደርሱ ላጲስ የመጀመሪያውን ካርቶን ቀደደ። ገጹን ገለጠ። መነጽሩን አወጣ። ሌላ ቅጂ ገለጠ። ከዚያ ሌላ። ጠረጴዛው በተገለጡ መጻሕፍት ሞላ፤ በሁሉም ላይ ያ ግዙፍ ዓሣ አፉን ከፍቶ ባዶ ውኃ ይጠብቃል። ከሥሩ የእኔ ጽሑፍ «ከሻርኩ አፍ ፊት ያለችውን አይጥ ተመልከቱ» ይላል።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድን። ፎርማኑ ወደ ጓዳ ወደሚመስል ክፍል አስገባን። አንዲት ጎልማሳ ሴት ከሥሩ መብራት የሚበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አቀርቅራ፣ ገጾቹ የሚታተሙበትን ፊልም ዘርግታ፣ በቀጭን ብሩሽ ቀለም እየነካች ጠብ ጠብ ታደርግበታለች። ሥራዋ ፊልሙ ላይ ያረፈ አቧራ ወረቀት ላይ ነጥብ ሆኖ እንዳይታተም አንድ በአንድ እየፈለገች መድፈን ነው። የሙከራው ቅጂ ከተፈረመበት በኋላ የመጨረሻውን ጽዳት የምታደርገው እሷ ናት።

ላጲስ የሥዕሉን ገጽ አሳያትና «እዚህ ጋ አንዲት ነገር ነበረች» አላት።

ሴትዮዋ ፊቷ በራ። «እንዴ፣ ያቺን ነው? ወንድሜ፣ እሷን ይተዋት፣ ያደረገችኝን። አንዴ ደፈንኳት፣ ስትደርቅ ዳሯ ወጣ። እንደገና ደፈንኳት። ፀጉር ነገርም ተለጥፎባት ነበር።»

«ጅራቷ ነው» አለ ላጲስ።

«ምን አሉ?»

«ጅራቷ ነው። አይጥ ናት።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ አየች፤ የታመመ ሰው ይዤ የመጣሁ መስሏታል። «ከሥሩ ተጽፏል እኮ» አልኳት፤ «አይጧን ተመልከቱ ይላል።»

«ፊልሙን የማየው በግልባጩ ነው። እኔ ጉድፍ እንጂ ጽሑፍ አላይም፤ ጽሑፍ ማየት ከጀመርኩ ጉድፉ ያመልጠኛል።»

«የሻርኩን ነጠብጣብስ ለምን አልደፈንሽውም?» አላት ላጲስ።

«እሱማ ሰልፍ ይዟል። ቆሻሻ ሰልፍ ይይዛል?» አለች፤ ቀጥላም ለስለስ ብላ «አይጥ መሆኗን ባውቅማ፣ በስመ አብ፣ እንዴት እነካታለሁ» አለች።

ከማተሚያ ቤቱ እንደወጣን ላጲስ በረንዳው ላይ ቆመ። የሚቆጣው ሰው ፈልጎ አጣ፤ እኔም አብሬው ፈለግሁ። ሠዓሊው በልኳ ሣላት። ጸሐፊው ተመልከቱ አለ። አጽጂዋ ጉድፍ አጠፋች። ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠርቶ አይጧ የለችም። ጥፋተኛ ቢኖር እንዴት ይቀል ነበር። ጥፋተኛ የሌለው ጥፋት ይደክማል፤ ማንም ላይ አያርፍምና ሁሉም ሰው ትከሻ ላይ ይዞራል።

ማታ ላጲስ መጽሐፉን ይዞ ሲገባ ብቻውን መግባት አልፈለገምና እኔንም ጎትቶኛል። እህቴ ገለጠች፣ ዓሣውን አየች። አንድ አፍታ ፊቷ ፈታ አለ። «አዎ፣ እንዲህ ነው። አፉም ይኸው ነው» አለች። ከዚያ ከሥሩ ያለውን አነበበች፤ በጣቷ ውኃውን ዳሰሰች።

«አይጧ የታለች?»

«ጠፋች» አለ ላጲስ።

«እንዴት ጠፋች?»

«ሣልኳት። ከዚያ አቧራ መስላ ጸዳች።»

እህቴ መጽሐፉን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። «ይህስ» አለች፣ «በሳጥን ነው በልኩ?»

«ጋሼ፣ ንገራት» አለኝ። ነገርኳት፤ ስለ ፊልሙ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ብሩሹ። እያስረዳሁ ሳለሁ ለእኔም ውሸት መሰለኝ።

«እሺ» አለች እህቴ። «ዱሮ አይጧን ዓሣ ታሳክላላችሁ። አሁን ደግሞ ጭራሽ ከሌለች በኋላ ተመልከቱ ትላላችሁ። ተስማምታችሁ ነው የምትመጡት።» ሄዳ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። በሳህኖቹ ድምፅ ምን ያህል እንደተቆጣች ይሰማ ነበር።

መምህራን ወደ ቢሮ መደወል ጀመሩ። ተማሪዎቻችን አይጧን አጡ፣ አንዳንዱ ውጧት ነው ይላል፣ ምን ብለን እንመልስ ይላሉ። ኃላፊዋ «በኃላፊነታችሁ» ያለችውን አልረሳችምና ስልኩን ሁሉ ወደ እኔ ታዞራለች። አንደኛው መምህር «ነባሪ ሻርክ አይጥ ይበላል ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሻይዬን ጠጣሁ፤ ፍርፋሪውን ጨምሮ።

ላጲስ ግን በዚህ ሁሉ ደንታ አልነበረውም። መጽሐፉ ለእሱ አልቋል። የሚያስጨንቀው አንዲት አንባቢ ነበረች። ማተሚያ ቤቱ ዋናውን ሥዕል እንዲመልስለት ሲወተውት ከረመ፤ ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱት። ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ፎርማኑ ደውሎ ተገኘ አለው፤ ከማሽን ጀርባ፣ ከካርቶኖች ሥር። ጥግ ጥጉ ታጥፏል፤ አይጧ ያለችበትን ግን ማንም አልነካውም።

ሲወስድላት ደግሞ እኔን ጠራኝ፤ ምን እንደምሠራ ባላውቅም ሄድኩ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ገፋ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣ መነጽሩን ሰጣት። እህቴ መጀመሪያ አልተቀበለችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወንበር ሳበች፣ ተቀበለችው።

ብዙ ቆየች። ላጲስ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል፤ በዚያች ቅጽበት ያንን ሰው ዳኛ ፊት ያቆሙት ይመስል ነበር።

«ጢም አላት» አለች እህቴ ቀና ሳትል።

«አላት።»

«ጥርሷም ወጥቷል።»

«ወጥቷል።»

መነጽሩን ወደ ዓሣው አፍ አስጠጋች፣ ወደ አይጧ መለሰች፣ ደግሞ ወደ አፉ። ሁለቱን እያስተያየች ነበር። በራሷ ዓይን ስታነጻጽር ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። መነጽሩን አስቀምጣ በባዶ ዓይኗ ተመለከተች፤ ነጥቧን አገኘቻት፤ ጣቷን ሳታስነካት ከጎኗ አሳረፈችው።

«በልኩ ነው» አለች።

ላጲስ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ባርኔጣዬን አነሣሁ።

«ጆሮዋ ግን በዛ» አለች እህቴ።

«ምን?»

«ጆሮዋ። ጓዳ ያገኘኋት አይጥ ጆሮዋ እንዲህ አይሰፋም። ና እይ።»

ላጲስ ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ አየ። ደጋግሞ አየ። «ልክ ነሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ግራዋ ትንሽ ወጥታለች።» ከኪሱ ላጲሱን አወጣ፤ ቀለም በላጲስ እንደማይለቅ ትዝ አለውና መልሶ ከተተው፤ ምላጭ ፍለጋም መሳቢያውን ከፈተ።

«ሰዎች» አልኩ፣ «መጽሐፉ ታትሞ ተበትኗል። አይጧ በአንዱም ቅጂ ላይ የለችም። አንድ ሰው እንኳ የማያያትን አይጥ፣ ያውም የአንድ ጆሮዋን ዳር፣ ልትፍቁት ነው?»

«ቀስ ብለህ ፋቀው» አለችው እህቴ፣ «እግሯን እንዳትነካባት።» መነጽሩን እሷ ያዘችለት። ሁለቱም አናታቸውን አጋጥመው ወረቀቱ ላይ ደፉ።

«መልስ የሚሰጠኝ የለም?» አልኩ።

«ጋሼ» አለች እህቴ ቀና ሳትል፣ «ከመስኮቱ ዞር በል፤ ብርሃን ከለከልከን።»